ሳይታጠብ

መስከረም 18

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ሳንባዬም ጉልበቴም ደህና ነው፤ ከዚያ ያለፈውን አትጠይቀኝ። ደብዳቤህ ትናንት ከዕቃ መኪናው ጋር ደረሰኝ። ሾፌሩ ዱቄቱንና የፋኖሱን ጋዝ ከማውረዱ በፊት ፖስታውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ነገሩን ሰምቷል መሰለኝ፣ ዓይኔን ማየት ፈርቶ ጎማዎቹን በእግሩ ሲመታ ቆየ።

የቀብሯን ነገር አንድ በአንድ ስለጻፍክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዛሬ እናታችን ከሞተች ሃያ አምስተኛ ቀኗ ነው። እዚህ ተራራ ላይ የማውቀው መቁጠር ብቻ ሆኗል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቴርሞሜትሩን አያለሁ፣ የዝናቡን ውሃ እለካለሁ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ጽፌ ቁጥሩን በሬዲዮ ለዋናው መሥሪያ ቤት አነባለሁ። የእሷንም ሞት የነገሩኝ በዚያው ሬዲዮ ነው። የቀትሩን ሙቀት አንብቤ ስጨርስ «አንድ መልእክት አለሽ» አሉኝ። በኋላ መዝገቡን ሳየው የነፋሱን አቅጣጫ አስተካክዬ ጽፌዋለሁ። እንዴት እንደጻፍኩት አላውቅም።

ለምን እንዳልደረስኩ ደግመህ ጠይቀኸኛል። ነግሬህ የለም እንዴ? መኪናው ሞልቶ ነበር። ከታችኛው ካምፕ ሁለት ሕመምተኞች ጭኖ ነበር፣ ሌላ መኪና ደግሞ እስከ ሁለት ሳምንት አልነበረም። ይቅር በለኝ፣ ስለዚህ ነገር ሌላ አታስጽፈኝ።

ከእማዬ ዕቃ ምን ልላክልሽ ላልከኝ፣ ሰማያዊ ሹራቧን ነው የምፈልገው። ባንኮኒው ኋላ ስትቆም የምትለብሰውን፣ ክርኑ የተጣፈውን። የጆሮ ጌጧን ለወይዘሮ ካውያ ስጣት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በልብስ ማጠቢያ ሱቃችን አጠገቧ ቆማ ልብስ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት፣ ይገባታል። እኔ ሹራቡ ይበቃኛል። ከሚስማሩ አውርደህ፣ በላስቲክ ጠቅልለህ፣ እንዳለ ላክልኝ። ጋሼ፣ አንተን ስለማውቅህ ነው ደግሜ የምጽፈው። እንዳታጥበው። አደራ፣ እንዳታጥበው።

እህትህ ፌንጣ


መስከረም 25

ፌንጣዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ? ያ ሽማግሌ ባልደረባሽ ጉልበቱ ተሻለው ወይስ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ከመሣሪያው ቀድሞ ይጮኻል? እኔ ደህና ነኝ፣ ሱቁም ደህና ነው። ትልቋ ማጠቢያ ማሽን አንድ እግሯ ላልቶ በተሽከረከረች ቁጥር ወደ በሩ ትሄዳለች። እንደ አንቺ መውጣት አምሯታል መሰለኝ።

ከእማዬ ዕቃ ምን ልላክልሽ ብዬ ከጠየቅኩሽ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው፣ መልስሽ አልመጣም። ፖስታ ቤት ተመላልሼ ሰዎቹን አሰልችቻቸዋለሁ። ሐዘኑ ከብዶሽ መጻፍ አቅቶሽ ይሆናል ብዬ በራሴ ወሰንኩ። ሰማያዊ ሹራቧን ልኬልሻለሁ። እዚያ ብርድ ነው፤ ደግሞም እሷ በቁሟ ሳለች ከላይዋ የማይወርድ ልብስ ነበር።

መቼም የልብስ አጣቢ ልጅ የእናቱን መታሰቢያ አሳድፎ አይልክም። ማሽን አላስነካሁትም፣ በእጄ ነው ያጠብኩት። ለብ ባለ ውሃ፣ ለሕፃን ልብስ በምንጠቀምበት ሳሙና፣ ሳላሽ፣ ሳልጠመዝዝ። በፎጣ ጠቅልዬ ውሃውን አስመጥጬ ጥላ ውስጥ አጋድሜ አደረቅኩት። ክርኑን ፈትቼ እንደ አዲስ ጣፍኩት። ኮሌታው ጠርዝ ላይ አንዲት የቆየች ቅባት ነበረች፣ ለዓመታት እምቢ ያለች፣ እማዬ ራሷ «ተዋት፣ እሷም የቤት ሰው ሆናለች» ያለቻት። እኔ ግን አልተውኳትም። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ግን ወጣች። ወይዘሮ ካውያ ወደ ብርሃኑ ይዛው ስታየው ቆየችና «እናትህ ብታየው ትኮራብህ ነበር» አለችኝ። ያን ጊዜ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አንቺ ስትለብሺው አስቢኝ። ከሞተች ወዲህ አንድ ነገር በትክክል የሠራሁ የመሰለኝ ይህን ነው።

ጋሼ


ጥቅምት 16

ጋሼ፣

እንደምን ነህ? ሹራቡ ትናንት ደረሰኝ። ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። የእኔ አሁን ደርሶህ አንብበኸዋል፣ ስለዚህ ምን ልልህ እንደሆነ ታውቃለህ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። መጀመሪያ «በጣም ያምራል፣ እጅህ ይባረክ» ብዬ ብቻ ልተወው ነበር። እውነትም ያምራል። ግን ልዋሽህ አልቻልኩም። በሬን ዘግቼ ላስቲኩን ፈታሁና ፊቴን ቀበርኩበት። ሳሙና ሸተተኝ። ኮሌታውን፣ ብብቱን፣ የኪሱን ውስጥ አገላብጬ አሸተትኩ። ሁሉም ሳሙና ነው። ማክሰኞ አምጥቶ ሐሙስ የሚወስድ የአንድ ደንበኛ ሹራብ ሆኗል። ያቺ ኮሌታው ላይ የነበረችው ቅባት ጋሼ፣ እኔ የፈለግኩት እኮ እሷን ነበር።

አልተቆጣሁህም፤ መቆጣት ብችል ይሻለኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብለህ በጥንቃቄ ስታጠፋት ይታየኛል፣ አንጀቴን ትበላኛለህ፣ ከዚያ ደግሞ እጅህን ይዤ ማስቆም ያምረኛል። እኔ ሳላያት የሞተች እናት አለችኝ፣ መቃብሯን አላየሁም፣ ከእሷ የቀረኝ አፍንጫዬ ብቻ ነው።

እባክህ ሌላ ነገር ፈልግልኝ። ሻሿን፣ ሽርጧን፣ ፎጣዋን፣ ማበጠሪያዋን፣ የትራስ ጨርቋን፣ ያልታጠበ ማንኛውንም ነገር። አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። ስትሞት እንዴት እንደነበረች «በአልጋዋ ላይ፣ በሰላም» ብለህ በአንድ መስመር አልፈኸዋል። አንተ ስለ ማሽን እግር ገጽ የምትሞላ ሰው አጭር ስትጽፍ እፈራለሁ።

ፌንጣ


ጥቅምት 28

ፌንጣዬ፣

እጄ ይቆረጥ! ያ «እንዳታጥበው» ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ሹራቡ በሄደ በአራተኛው ቀን ነው። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ውሃ ሳፈስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይቅር በይኝ።

እንዳልሽው ፈለግኩ። ቤቱን ገለበጥኩት። ሻሾቿ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ተጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ሽርጧ ታጥቧል። ፎጣዋ ታጥቧል። ማበጠሪያዋን ወይዘሮ ካውያ በፈላ ውሃ ቀቅላዋለች፣ ለምን ብዬ ብጠይቃት «እኔ እንጃ» አለችኝ። ከቀብር በተመለስን በሦስተኛው ቀን ነው ሁሉም የሆነው። ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሱቁ ዝግ ነው። ተቀምጠን መተያየት አቃተን። እሷ አንድ ሻሽ አንስታ ገንዳ ውስጥ ነከረች፣ እኔ ቀጠልኩ፣ ከዚያ መቆም አልቻልንም። መጋረጃውን ሳይቀር አጠብነው። እያለቀስን ነው ያጠብነው ፌንጣዬ። ሌላው ሰው ሲከፋው ይጠጣል ወይም ይተኛል፣ እኛ ቤት ግን የሚታወቀው ማጠብ ነው። የአልጋዋን አንሶላ ሳነሳው የካውያው መስመር እንኳ አልተበላሸም ነበር፣ እንደዚያም ሆኖ አጠብኩት።

ስለዚህ ያልታጠበ ነገር የለም። ምንም የለም። ግን አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝ። እማዬ ራሷ የምትሸተው ሳሙናና እንፋሎት አልነበረም እንዴ? አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ ውስጥ የኖረች ሴት ናት። ሹራቡ ሳሙና ከሸተተ እሷን ሸተተ ማለት ነው። እኔ በዚህ እጽናናለሁ፣ አንቺም ሞክሪው።

ያ የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ በአልጋ ላይ ነው ብያለሁ። በሰላም ነው። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ጋሼ


ኅዳር 14

ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ውርጭ ጀምሯል። ሽማግሌው ባልደረባዬ ጉልበቱን በሁለት ካልሲ ጠቅልሎ ከምድጃው አይርቅም፤ ንባቡን ሦስቱንም ጊዜ እኔ ነኝ የማደርገው። ሥራ መብዛቱ ደግ ነው።

በሳሙናው አልጽናናም። እማዬ ሳሙና አትሸትም ነበር። ሳሙናው ከላይ ነው፣ ከሱ ሥር ሌላ ነገር ነበር። ምን እንደሆነ ንገሪኝ ብትለኝ ስም የለውም። ከጆሮዋ ኋላ፣ ፀጉሯ ከሚጀምርበት ቦታ የሚመጣ ነው። አንተ የአባዬን አፍንጫ ነው የወረስከው፣ ለጌጥ የተቀመጠ ነው። እኔ የእሷን ነው የወረስኩት። ታስታውሳለህ፣ ቁጥር የተሰፋበት ምልክት ከልብስ ላይ ሲወድቅና የማን እንደሆነ ሲጠፋን? አንተና ወይዘሮ ካውያ በመዝገቡ ስትጨቃጨቁ እማዬ ልብሱን አንስታ አንዴ ታሸተውና «የጥርስ ሐኪሙ ነው» ትል ነበር። ተሳስታ አታውቅም። የሒሳብ ሠራተኛው ሸሚዝ የጎረቤቱን ሚስት ሽቶ ይሸት እንደነበር እኮ ያወቀችው እሷ ናት። የሰፈሩን ገመና ሁሉ በአፍንጫዋ ይዛ አንድ ቀን ከአፏ ሳታወጣ ሞተች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ቅርጫት ውስጥ ተደብቄ ዓይኗን ጨፍና እጇን ስትሰድ አስታውሳለሁ። አንሶላዎቹን አንድ በአንድ እያሸተተች መጥታ «ይቺ ደግሞ የኔ ናት» ብላ አወጣችኝ።

አሁን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ብሰድ የሚገኝ የለም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ጻፍክ። አንሶላዋን ስታነሳው የካውያው መስመር እንዳልተበላሸ ነገርከኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ታማ ተኝታ የሞተች ሴት አንሶላ እንዴት ነው መስመሩ የማይበላሽ? እኔም የአጣቢ ልጅ ነኝ። እማዬ በየትኛው አልጋ ላይ ነው የሞተችው?

ፌንጣ


ኅዳር 24

ፌንጣዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ውርጩን ስሰማ አዝኛለሁ፣ ወፍራም ካልሲ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ለሽማግሌው ጉልበት አንድ ጥንድ ጨምሬበታለሁ። የማሽኗን እግር ሠርቻታለሁ፣ አሁን አርፋ ተቀምጣለች። ደንበኛ ደህና ነው። ወይዘሮ ካውያ የጆሮ ጌጡን አድርጋ ትመጣለች፣ በተኮሰች ቁጥር ይወዛወዛል፣ ማየት አልቻልኩም፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እሠራለሁ።

ስለ አንሶላው በስሕተት ነው የጻፍኩት። ያን ቀን ያጠብነው ብዙ ስለሆነ ተምታታብኝ። እባክሽ ይህን ነገር አትቆፍሪው። አፈር ስሆን ተይው። ለአንቺም ለእኔም አይበጅም።

ተተኪሽ መቼ ነው የሚመጣው? የምትመጪበትን ቀን አስቀድመሽ ጻፊልኝ እንጂ ድንገት እንዳትደርሺ። ቤቱን ማሰናዳት አለብኝ።

ጋሼ


ኅዳር 28

ጋሼ፣

ካልሲው ደርሶናል። ሽማግሌው መርቆሃል፣ ምርቃቱ ረጅም ስለሆነ አልጻፍኩትም።

ቤቱን የምታሰናዳው ለምንድን ነው? እኔ እንግዳ ሆኛለሁ?

አሁን የምጽፈውን አንብበህ ወይዘሮ ካውያን እንዳትቆጣ። በዚሁ መኪና ለብቻዋ ደብዳቤ ልካልኛለች። ፊደሎቿን ታውቃቸዋለህ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ቆሞ ነው፣ ግን ይነበባል። እንዲህ ትላለች፦ «ወንድምሽ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቶ ኋለኛው ክፍል፣ የአንቺ ክፍል ይገባል። እስከ ስምንት አይወጣም። አንሶላውን ልቀይር ብል ቁልፉን ኪሱ ከቷል። በሦስት ወር ያልታጠበ ነገር በዚህ ቤት ያ አልጋ ብቻ ነው። እኔ ማውራት አልወድም፣ ግን ሰውየው ከስቷል።»

«ያልታጠበ ነገር የለም፣ ምንም የለም» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ደብዳቤህን አውጥቼ አየሁት፣ በእጅህ ጽሑፍ ነው።

እኔ እዚህ የማንንም ፊት ማየት አልችልም ጋሼ፣ ስለዚህ ሲዋሹኝ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ወረቀት ነው የሚመጣልኝ። ያ አልጋ የኔ አልጋ ነው። ምን አለበት?

ፌንጣ


ታኅሣሥ 6

ፌንጣዬ፣

ሰላምታውን ዛሬ እንለፈው። ስትጠይቂኝ የኖርሽውን ልንገርሽ።

እማዬ ስትደክም «ነይ» ብዬ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ነሐሴ 24 በመኪናው እንደሚደርስሽ ቆጥሬ ነበር። ነሐሴ 26 ጠዋት «ልጅቷ መጣች ወይ?» አለችኝ። «መንገድ ላይ ናት እማዬ፣ ነገ ማታ ትደርሳለች» አልኳት። እንዲህ ያልኳት እኔ ራሴ መምጣትሽን ሳላውቅ ነው። አንቺን ስትጠብቅ ትቆያለች ብዬ ነው። ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም። መድኃኒቱ አልሠራም፣ ሐኪሙ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

አራት ቀን ያልቆመች ሴት ተነሣች። ግድግዳውን ይዛ ኋለኛው ክፍል ገባች። ወይዘሮ ካውያን ጠርታ ነጩን አንሶላ አሚዶ አስነክታ አስተኮሰቻት፣ ከዚያ አልጋሽን በራሷ እጅ አነጠፈች። ልረዳሽ ብላት እጄን መታችኝ። ሲያልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በእጇ ዳሰሰችው። «ይሄ ክፍል ብርድ ነው፣ ልጅቷ ከዚያ ተራራ በርዷት ነው የምትመጣው፣ አልጋው ቀዝቃዛ ሆኖ ሊጠብቃት ነው?» አለች። ጫማዋን አወለቀችና ገባችበት። «ላሙቅላት። ስትመጣ እነሣለሁ» አለችኝ።

አልተነሣችም። ወይዘሮ ካውያ የራሷን አልጋ አንሶላ ቀይራ ብታነጥፍላትም አልተመለሰችበትም። ነሐሴ 27 ማታ የበር ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደኔ ታያለች። «መንገዱ ተበላሽቶ ይሆናል» እላታለሁ። ነሐሴ 28 ጠዋት፣ እኔ ውሃ ላመጣላት ስወጣ፣ እዚያው አልጋሽ ላይ አረፈች። ትራሱ ላይ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነበር።

ይህን እንዴት ልጽፍልሽ? መኪናው ሞልቶ ያጣሽውን መንገድ እኔ እየመጣች ነው ብዬ ለእሷ ሸጥኩት። ጠብቃሽ ነው የሞተችው፣ እንድትጠብቅሽ ያደረግኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉን ስናጥብ ያን ክፍል ቆለፍኩት። ከሳምንት በኋላ በምሳ ሰዓት ገባሁና ትራሱ ላይ ጭንቅላቴን አሳረፍኩ። ለጌጥ ነው ባልሽው አፍንጫዬ እንኳ አወቅኳት። እዚያ ነበረች። በየቀኑ እየሄድኩ ነበር። «እንዳታጥበው» ያልሽው ደብዳቤ ሲደርሰኝ እኮ ገና ነበረች። ሌላ ነገር ፈልግልኝ ስትዪኝም ትንሽ ነበረች። የትራሱን ጨርቅ አውልቄ፣ ላስቲክ አዘጋጅቼ፣ በእጄ ይዤው ቆሜአለሁ። አልቻልኩም። ለዛሬ ብቻ ይቆይ ብዬ መልሼ አለበስኩት። በማግስቱም ለዛሬ ብቻ አልኩ። ላንቺ የጻፍኩልሽ ደግሞ ምንም የለም ብዬ ነው።

አሁን የለችም። ከሁለት ሳምንት ወዲህ እፈልጋለሁ፣ የሚሸተኝ የራሴ የፀጉር ቅባት ነው። ለሁለታችን የተረፈውን ብቻዬን ጨረስኩት ፌንጣዬ። ሹራቡን ባለማወቅ ነው ያጠፋሁት፣ ይህን ግን እያወቅኩ ነው። ተሳደቢ፣ እርገሚኝ፣ መብትሽ ነው።

ጨርቁ አሁን አድፏል፣ እዚህ መተውም መጣልም አልሆነልኝም። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ንጹሕ አድርጌ ልላክልሽ? እሷ ያነጠፈችው መሆኑ ይበቃሽ እንደሆነ። ምን እንደማደርገው ንገሪኝ።

ጋሼ


ታኅሣሥ 24

ጋሼ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዐሥራ ሦስት ቀኔ ነው። ዐሥራ ሦስቱንም ቀን አኩርፌህ ነበር። ሌባ ብዬሃለሁ፣ ከዚያ የባሰም ብያለሁ፤ ቴርሞሜትሩ ሳጥን ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ ስሰድብህ ሽማግሌው ከውስጥ «ማን መጣ?» ብሎ ወጣ። ስለዚህ ስደቡ ደርሶሃል በለው፣ አልደግመውም።

መኪናው ነገ ይደርሳል። ዛሬ መጻፍ አለብኝ፣ አለዚያ ሌላ ሁለት ሳምንት እደብቃለሁ።

መኪናው አልሞላም ነበር። ሕመምተኞቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ነሐሴ 25 ጠዋት ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ «ትወጪያለሽ?» አለኝ። ደብዳቤህ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ አንብቤዋለሁ። እማዬ በየዓመቱ «ዘንድሮን አላልፍም» ትለን አልነበር? አምና ለመሞቻዬ ብላ አዲስ ቀሚስ አሰፍታ ለሠርግ ለብሳው ሄደች። አንተም በየዓመቱ ደንግጠህ ትጽፍልኛለህ። ያን ጠዋት ብርድ ነበር፣ መንገዱ ሁለት ቀን ያንገላታል፣ በቀጣዩ እመጣለሁ አልኩ። ሾፌሩ በሩን ዘጋው። ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ያን ጠዋት ብወጣ ነሐሴ 27 ማታ ቤት እገባ ነበር። አንተ እንዳልካት ልክ በሰዓቱ። አንተ አልዋሸሃትም ጋሼ። እውነት የነበረውን ውሸት ያደረግኩብህ እኔ ነኝ። እሷ በሩን ስታይ፣ አንተ መንገዱ ተበላሽቶ ይሆናል ስትላት፣ መንገዱ ምንም አልሆነም ነበር። የዚያን ማታ መዝገብ አውጥቼ አየሁት። ሁለት ዲግሪ፣ ነፋስ የለም ብዬ ጽፌአለሁ። ጽፌ ስጨርስ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኝቻለሁ። እሷ ደግሞ አልጋዬን እያሞቀች ነበር።

ይህን ለማንም መንገር አልችልም። ላንተም ፊት ለፊት ብንገናኝ አልነግርህም ነበር። ይቅር በለኝ አልልህም፣ ይቅር የምትለኝ እሷ ነበረች። ተተኪ እስከ የካቲት የለም አሉኝ። ሽማግሌውን ብቻውን ትቼ ብወጣ ጉልበቱን ይዞ በረዶ ላይ ይወድቃል። አሁን ባዶ ወንበር ቢመጣም መሄድ አልችልም።

የትራሱን ጨርቅ በተመለከተ። ላስቲኩ ውስጥ ክተተውና ላክልኝ። እማዬ የለችበትም ብለሃል፣ አምኜሃለሁ። አንተ ግን አለህበት። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ያለቀስክበት ነው። አሁን የቀረኸኝ አንተ ነህ፣ ያንተን ሽታ ደግሞ እኔ አላውቀውም፤ በቤታችን ሁሉም ነገር ሲታጠብ ስለኖረ አሽትቼህ አላውቅም። አንድ ቀን ቁጥሩ ከወደቀበት ልብስ መሀል ልለይህ እፈልጋለሁ። ይህን ደግሞ ከሞትክ በኋላ በደብዳቤ መለመን አልፈልግም።

ያደፈ ነው ብለህ እንዳታፍር። ቅባቱም እንባውም እንዳለ ይምጣ። ጋሼ፣ አደራህን፣ እንዳታጥበው።

ፌንጣ